በጅማ አካባቢ ለሚደረግ የአንድ ቀን የተራራ ጉዞ የመነሻ ሰዓት አወሳሰን

ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች፣ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ሰቃ፣ ዴዶ፣ ሰርቦና ናዳ፣ ከቡና ደኖቻቸው በተጨማሪ በእግር ለሚጓዝ ሰው ብዙ ከፍታ ያላቸው ስፍራዎች አሏቸው። ከእነዚህ መካከል በኦሞ ናዳ ወረዳ የሚገኘው የማይጉዶ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፣ በአንድ ቀን ወጥቶ መውረድ ለሚፈልግ ተጓዥ ረጅም የሚባል ጉዞ ነው። ከጅማ በስተ ምሥራቅ በየም ምድር የሚገኘው የቦር ተራራም በየዓመቱ ጥቅምት 17 ቀን የየም ሕዝብ የመድኃኒት ዕፅዋት የሚለቅምበት የታወቀ ስፍራ ነው።

ወደ እንዲህ ዓይነቶቹ ተራሮች ለመውጣት የሚዘጋጁ ጎብኚዎች አዘውትረው የሚጠይቁት ስለ ጫማ፣ ስለ ስንቅና ስለ መኪና ነው። በስንት ሰዓት መነሳት እንደሚገባ የሚጠይቁት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ መልሱም ብዙ ጊዜ «በጠዋት» ከሚል ቃል አያልፍም። ሆኖም ተጓዡ በዝናብ ውስጥ በጭቃ ሲንሸራተት መዋሉን፣ ጠዋት በቀላሉ የተሻገረውን ወንዝ ማታ መሻገር አለመቻሉን፣ ወይም ጨለማ በማያውቀው ደን ውስጥ ሳለ የሚደርስበት መሆኑን ከማናቸውም ዝግጅት በላይ የሚወስነው የመነሻው ሰዓት ነው። ይህ ጽሑፍ ተጓዦች፣ አስጎብኚዎችና የጉዞ አዘጋጆች ሰዓቱን በግምት ሳይሆን በስሌት እንዲወስኑ ለማገዝ ተዘጋጅቷል።

ፀሐይ በጅማ መቼ ትወጣለች?

በኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ቀኑ የሚጀምረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ስለሆነ፣ ብዙ ሰው በ12 ሰዓት ነግቷል ብሎ ያስባል። በጅማ ግን ይህ ግምት ተጓዡን ያሳስታል። የአገራችን መደበኛ ሰዓት የተመሠረተው በሶማሌ ክልል በኩል በሚያልፈው 45ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው። ጅማ ደግሞ ከ37ኛው ዲግሪ በጥቂቱ በምዕራብ ትገኛለች። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚወስድባት፣ በጅማ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ የምትደርሰው ሰዓቱ ስድስትን ካለፈ ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ልዩነት 8 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ከጅጅጋ ጋር ግን ከ20 ደቂቃ ይበልጣል።

ከዚህ በተጨማሪ የንጋቱ ሰዓት እንደ ወሩ ይለያያል። በጅማ ኬክሮስ የቀንና የሌሊት ርዝመት በዓመቱ ውስጥ የሚለዋወጠው በመጠኑ ቢሆንም፣ ፀሐይ የምትወጣበት ሰዓት ከሚጠበቀው በላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። በጥቅምት መገባደጃ ከጠዋቱ 12፡20 ገደማ ትወጣለች፤ ከምሽቱ 12፡11 ገደማም ትጠልቃለች። በታኅሣሥ አጋማሽ ወደ 12፡41 ይዘገያል፤ ጥልቀቷም 12፡21 ገደማ ይሆናል። በጥር ሁለተኛ አጋማሽና በየካቲት መጀመሪያ ንጋት እጅግ ይዘገይና ፀሐይ ከ12፡50 በኋላ ትታያለች። በምትኩ ምሽቱ ይራዘማል፤ 12፡40 ገደማ ድረስ ብርሃን ይቆያል። እንግዲህ በጥቅምት መጨረሻ «ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እንነሳ» ያለ ተጓዥ ፀሐይ ወጥታ ይጠብቃታል፤ በጥር በዚያው ሰዓት የተነሳ ደግሞ እግሩን የሚያሳየው የወገግታ ብርሃን ብቻ ነው።

ወገግታውም አጭር ነው። ከምድር ወገብ አቅራቢያ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣና ቀጥ ብላ ስለምትጠልቅ፣ ያለ መብራት መንገድ የሚታይበት ጊዜ ከፀሐይ መውጣት በፊትም ሆነ ከጥልቀቷ በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በአውሮፓ ወይም በሰሜን አሜሪካ የኖሩ ጎብኚዎችና ከውጭ የሚመጡ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በበጋ ረጅም ምሽት የለመዱ በመሆናቸው፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም አንድ ሰዓት ያህል ብርሃን ይኖራል ብለው እንዳይተማመኑ ሊነገራቸው ይገባል። እዚህ ላይ የተጠቀሱት ሰዓቶች አድማሱ ለጥ ያለ እንደሆነ ታስቦ የተሰሉ ናቸው። በሸለቆ ውስጥና ጥቅጥቅ ባለ ደን ሥር ብርሃን ዘግይቶ ይገባል፤ ፈጥኖም ይወጣል። በቡና ጥላ ዛፎች ሥር ደግሞ ከሜዳው ቀድሞ ይጨልማል።

የዝናቡ ሰዓት

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዝናብ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ቀድሞ ይገባል፤ ዘግይቶም ይወጣል። በጅማ አካባቢ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባለው ረጅም ጊዜ ይዘንባል፤ በአንጻራዊነት ደረቅ የሚባሉት ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ናቸው። ለረጅም የአንድ ቀን የተራራ ጉዞ የሚመረጡትም እነዚህ አራት ወራት ናቸው። ይሁን እንጂ ጅማ በደረቁ ወራትም ቢሆን ከዝናብ ፈጽሞ የምትላቀቅ አገር አይደለችም።

ለመነሻ ሰዓት ወሳኝ የሆነው ዝናቡ በቀን ውስጥ የሚመጣበት ጊዜ ነው። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ እርጥበት ያዘለው አየር ወደ ላይ ይነሳል፤ ተራራው ደግሞ ይበልጥ ይገፋዋል። በረፋዱ ነጫጭ የደመና ክምሮች በከፍታዎቹ ላይ ይታያሉ፤ ከቀትር በኋላ ይጠቁራሉ፤ ከዚያም ነጎድጓድ፣ መብረቅና ኃይለኛ ዝናብ ይከተላሉ። ይህ ሂደት በየቀኑ ባይደገምም በበልግና በክረምት ወራት የተለመደ ነው። በተራራ ጫፍ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ዝናቡን ከሁሉ ቀድሞ የሚያገኘውና ለመብረቅ ከሁሉ ይበልጥ የተጋለጠው ነው።

ስለዚህ የመነሻው ሰዓት ከሁለት አቅጣጫ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይገኛል። አንደኛው ከጨለማ፣ ሁለተኛው ከከሰዓት በኋላው ዝናብ ነው። በደረቁ ወራት የሚያስገድደው የጨለማው ስሌት ሲሆን፣ ከመጋቢት ጀምሮ ግን የዝናቡ ስሌት ይቀድማል።

ዝናብ ከሰውየው መበስበስ ባሻገር ሁለት ነገር ይለውጣል። የመጀመሪያው መሬቱ ነው። የአካባቢው ቀይ ሸክላማ አፈር ሲደርቅ ጽኑ ነው፤ ሲርስ ግን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በደረቅ መሬት በሁለት ሰዓት የሚወረድ ቁልቁለት በጭቃ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ሁለተኛው ወንዙ ነው። ወደ ግልገል ጊቤና ወደ ጎጀብ የሚፈሱት ትንንሽ ወንዞች ከተራራ ላይ ዝናብ በኋላ በአጭር ጊዜ ይሞላሉ። ጠዋት ቁርጭምጭሚት የሚነካ ወንዝ ማታ ጉልበት ሊያልፍ ይችላል፤ ውኃው የደፈረሰና የሚያገሳ ከሆነ ደግሞ ጥልቀቱን በዓይን መገመት አይቻልም። በመንገዱ ላይ ድልድይ የሌለው ወንዝ ካለ ተጓዡ ተመልሶ የሚሻገረው ዝናብ ከመውረዱ በፊት እንዲሆን ሰዓቱን ማስላት አለበት። የሞላ ወንዝ የገጠመው ተጓዥ ጎድሎ እስኪሻገሩት ድረስ በዳርቻው መጠበቅ ይገባዋል፤ ስለሆነም ጨለማ ከመድረሱ በፊት የሚጠብቅበት ጊዜ ሊኖረው ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የዕለትና የዐሥር ቀን ትንበያዎችን ያወጣል። ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት ትንበያውን መመልከት፣ በተጨማሪም ባለፉት ሁለትና ሦስት ቀናት ዝናብ በስንት ሰዓት እንደጣለ የአካባቢውን ገበሬ መጠየቅ ይመከራል። ቡና በአልጋ ላይ አስጥቶ የሚያደርቅ ሰው ዝናብ የሚመጣበትን ሰዓት በግምት አይናገርም፤ ቡናውን የሚሸፍነው በዚያ ነውና።

የጉዞውን ርዝመት ማስላት

ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያቀረበው ስሌት እስካሁን በብዙ አገሮች ያገለግላል። በስሌቱ መሠረት ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይያዛል። ስሌቱ የታሰበው ጤነኛና እግሩ የለመደ ሰው በጥሩ መንገድ ሲሄድ ነው፤ ዕረፍትን አይጨምርም። በጅማ አካባቢ ተራሮች፣ በተለይም ከ2,500 ሜትር በላይ አየሩ ሲሳሳና መንገዱ ሥር፣ ድንጋይና ጭቃ ሲሆን፣ የተገኘውን ውጤት በአንድ ተኩል ማባዛት ተገቢ ነው።

ለምሳሌ ያህል 8 ኪሎ ሜትር የሚረዝምና 1,200 ሜትር አቀበት ያለው መንገድ እንውሰድ። ይህ የስሌት ምሳሌ እንጂ የአንድ የተወሰነ ተራራ መለኪያ አይደለም። ለርቀቱ 1 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ ለአቀበቱ 2 ሰዓት፣ በድምሩ 3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይሆናል። በአንድ ተኩል ሲባዛ 5 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይመጣል። በመውጫው 40 ደቂቃ ዕረፍት ሲታከልበት ጫፍ ለመድረስ 6 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ያስፈልጋል። በጫፉ ላይ 30 ደቂቃ፣ ለመውረድ ከነዕረፍቱ 2 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ቢያዝ አጠቃላይ ጉዞው 9 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ይወስዳል።

ይህ ጉዞ በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ወገግ ሲል፣ ማለትም ከጠዋቱ 12፡20 ቢጀመር ተጓዡ ከቀኑ 6፡24 ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ ከቀኑ 9፡38 ወደ መነሻው ይመለሳል። ፀሐይ እስክትጠልቅ 2 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ይተርፈዋል። ይህ ትርፍ ጊዜ ለቅንጦት የተያዘ አይደለም። ቁርጭምጭሚቱ የተጠማዘዘ አንድ የቡድን አባል የቁልቁለቱን ጊዜ በቀላሉ እጥፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ትርፉም ያኔ ሙሉ በሙሉ ያልቃል።

አሁን ያው ጉዞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቢጀመርስ? ከጅማ በማለዳ መኪና ተሳፍሮ፣ በወረዳው ከተማ ቁርስ በልቶ፣ መሪ ፈልጎ ለሚነሳ ሰው ይህ የተለመደ ሰዓት ነው። ጫፍ የሚደርሰው ከቀኑ 9፡04 ሲሆን፣ ተራራው ሥር የሚመለሰው ከምሽቱ 12፡18 ነው። ፀሐይ የምትጠልቀው 12፡21 ላይ ስለሆነ በእጁ ያለው ትርፍ 3 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። በወረቀት ላይ ጉዞው በብርሃን ይጠናቀቃል፤ በመሬት ላይ ግን እንዲህ ያለ ዕቅድ በጨለማ የመቅረት ዕቅድ ነው።

በሚያዝያ መጀመሪያ የሚደረግ ጉዞ ደግሞ ሌላ ስሌት ይጠይቃል። ደመናው ከመጥቆሩ በፊት ጫፉን ለመልቀቅ ከረፋዱ 5 ሰዓት እዚያ መድረስ ተገቢ ቢሆን፣ መነሻው ከሌሊቱ 10፡56 ይሆናል። ፀሐይ በዚያን ጊዜ የምትወጣው 12፡24 ገደማ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ የጨለማ ጉዞ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰዓቱን ይበልጥ ወደ ሌሊት ከመግፋት ይልቅ ጉዞውን ማሳጠር፣ መኪና እስከሚደርስበት ከፍ ያለ ቀበሌ ሄዶ ማደር፣ ወይም ጉዞውን ወደ ኅዳር ማስተላለፍ የተሻለ ውሳኔ ነው።

የራስን ፍጥነት ለማያውቅ ሰው ጅማ ራሷ ጥሩ መለኪያ አላት። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚገኝበት የጅሬን ኮረብታ ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከዋናው ጉዞ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ፣ በጉዞው የሚያዘውን ጓዝ ተሸክሞ፣ ከከተማው እስከ ቤተ መንግሥቱ በእግር መውጣትና የወሰደውን ጊዜ መመዝገብ ከማንኛውም ስሌት የተሻለ መረጃ ይሰጣል። በቡድን የሚጓዙ ከሆነ የሚመዘገበው የመጨረሻው ሰው የደረሰበት ሰዓት ነው።

ሌሊት መነሳት መቼ ይገባል?

ስለ ኪሊማንጃሮ ያነበቡ ወይም በራስ ዳሽን የተጓዙ ጎብኚዎች ተራራ የሚወጣው በሌሊት ነው የሚል እምነት ይዘው ወደ ጅማ ይመጣሉ። 5,895 ሜትር ከፍታ ባለው ኪሊማንጃሮ ተጓዦች በእኩለ ሌሊት ገደማ ከመጨረሻው ሰፈር የሚነሱት በቂ ምክንያት ስላላቸው ነው። በቅዝቃዜ የተያያዘው ልል ኮረት ለመርገጥ ይቀላል፤ ከጫፉ በኋላም ገና ረጅም ቁልቁለት ይጠብቃቸዋል፤ መንገዱም በሰው የተሞላና ዛፍ የሌለበት ገላጣ ነው። በጅማ ተራሮች እነዚህ ምክንያቶች የሉም። መንገዱ የሚያልፈው በመንደር፣ በእርሻ፣ በቡናና በደን ውስጥ ነው።

በዚህ ምድር ሌሊት የሚጓዝ እንግዳ ከተራራው በፊት የሚገጥመው የመንደር ውሻ ነው። በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ ገበሬዎችና ማኅበራት በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡናቸውን ሌሊቱን ሙሉ ያስጠብቃሉ። በጨለማ፣ የራስ መብራት አብርቶ፣ በማያውቁት ሰው የሚመራ ቡድን በቡና አልጋዎች አጠገብ ሲያልፍ ጠባቂው ምን ሊያስብ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ጅብም ማታና ሌሊት በመንገዶችና በመንደር ዳር ይንቀሳቀሳል፤ በበለጠ ጌራ ዓይነት ሰፊ ደኖች ውስጥም ሌሎች የዱር እንስሳት አሉ። በጭቃማና በሥር በተሞላ መንገድ መብራት ይዞም ቢሆን የሚሄድ ሰው ከቀኑ ይልቅ በዝግታ ስለሚራመድ፣ ሌሊት በመነሳት የሚገኘው ጊዜ ከሚታሰበው ያነሰ ነው።

ስለሆነም በዚህ አካባቢ ለአብዛኛው ጉዞ ተመራጩ መነሻ የወገግታው መጀመሪያ፣ ማለትም ፀሐይ ከመውጣቷ 20 ደቂቃ ገደማ አስቀድሞ ነው። የብዙዎቹ መንደሮች ነዋሪ ሙስሊም በመሆኑ ለፈጅር ሶላት ንጋት ሳይጠራ ይነሳል፤ የወገግታው ሰዓት ሲደርስ ሰው ከመስጊድ ተመልሶ በየደጁ ነው። እንግዳውን የሚያይ፣ የሚጠይቅና ሰላም የሚል ሰው አለ፤ ይህም ራሱ ደኅንነት ነው። መሪውም ሶላቱን ሳይጣደፍ ሰግዶ መምጣት ይችላል። በረመዳን ወር መሪው ጾም ውሎ ረጅም ተራራ እንዲወጣ ከመጠየቅ ጉዞውን ማዘግየት ወይም ማሳጠር ይገባል። ዓርብ የሚደረግ ጉዞም የጁምዓን ሶላት ታሳቢ አድርጎ ከመሪው ጋር አስቀድሞ መነጋገርን ይጠይቃል።

የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በጨለማ መጓዝ ግድ ከሆነ መንገዱ ሰፊና የታወቀ የመኪና ወይም የጋሪ መንገድ ሊሆን ይገባል፤ የቀበሌው አስተዳደርም አስቀድሞ ማወቅ አለበት። የጨረቃዋ ሁኔታም ይታይ። ሙሉ ጨረቃ ሆና በምትታይበት ዕለትና ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ጨረቃዋ እስከ ንጋት በሰማይ ላይ ስለምትቆይ ከንጋት በፊት ብርሃን ይኖራል። ገና በማደግ ላይ ያለች ግማሽ ጨረቃ ግን እኩለ ሌሊት ገደማ ስለምትጠልቅ ለማለዳ ተጓዥ አትጠቅምም።

ንጋት ላይ ስለሚኖረው ብርድም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀዘቅዛል። ጅማ ከተማ በ1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው ጫፍ ከከተማዋ ቢያንስ በ8 ዲግሪ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። በጠራ የበጋ ሌሊት ግን ቀዝቃዛው አየር ወደ ሸለቆው ስለሚወርድ ንጋት ላይ ከአቀበቱ ይልቅ ሸለቆው ሊበርድና በጉም ሊሞላ ይችላል። ጉሙ ፀሐይ ስትሞቅ ይነሳል። ተጓዡ ጉም አይቶ መነሻውን ባያዘገይ ይሻላል፤ መሪው መንገዱን የሚያውቅ ከሆነ ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ ከጉሙ በላይ ሊሆን ይችላልና።

«በስድስት ሰዓት እንገናኝ»

የመነሻ ሰዓት በትክክል ተሰልቶ በቃል አለመግባባት የሚበላሽበት ጊዜ አለ። የውጭ አገር ጎብኚ ወይም ስልኩን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሚጠቀም ሰው «ስድስት ሰዓት» ሲል ንጋትን ማለቱ ነው፤ መሪው ግን እኩለ ቀንን ይረዳል። ተቃራኒውም ይሆናል፤ መሪው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲል ጎብኚው ማታ 11 ሰዓት መስሎት ይደናገጣል። ስለዚህ ሰዓቱን በቁጥር ብቻ ሳይሆን ከንጋት ጋር አያይዞ መናገር ይገባል፦ «ወገግ ሲል»፣ «ከፈጅር በኋላ»፣ «ፀሐይ ሳትወጣ»። በአፋን ኦሮሞ ጠዋት «ገነማ»፣ ምሽት «ገልገላ» ይባላል፤ ከሰዓቱ ጋር እነዚህን ቃላት ማከል ስሕተቱን ያስቀራል። የጉዞ አዘጋጆች በጽሑፍ በሚሰጡት መርሐ ግብር ላይ ሁለቱንም የሰዓት አቆጣጠሮች ጎን ለጎን እንዲያሰፍሩ ይመከራል።

ሰዓቱን የሚያዘገዩ ነገሮች

በዕቅድ የተያዘ የወገግታ መነሻ በተግባር ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚገፋው በአብዛኛው በትራንስፖርት ነው። የገጠር መኪኖች ሳይሞሉ አይንቀሳቀሱም፤ ከከተማ በጨለማ ተነስቶ በገጠር መንገድ መንዳትም አይመከርም። ተጓዡ ከተራራው በቅርብ ርቀት ባለ የወረዳ ከተማ ወይም መንደር ካላደረ በቀር በወገግታ መነሳት አይችልም። የሚያድርበትን ስፍራ፣ መሪውን፣ የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ፈቃድና የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ ማጣራት ሁሉም በዋዜማው እስከ ማታ መጠናቀቅ ያለባቸው ጉዳዮች ናቸው። መሥሪያ ቤቶች የሚከፈቱት ረፋድ ላይ ስለሆነ በጉዞው ዕለት ደብዳቤ የሚያጽፍ ሰው ግማሽ ቀኑን ያጣል።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው የቡና ለቀማ ወቅት ለጉዞ ከሚመረጡት ወራት ጋር ይገጥማል። በዚህ ጊዜ መንገድ የሚያውቁ ጎልማሶች ሁሉ ለቀማ ላይ ስለሚሆኑ መሪ አስቀድሞ ካልተያዘ በማለዳ አይገኝም። ክፍያውም አንድ የለቀማ ቀን የሚያስቀርበትን ገቢ ያገናዘበ ሊሆን ይገባል። የወረዳ ከተሞች ምግብ ቤቶች በወገግታ ስለማይከፈቱ ቁርስ በዋዜማው ይዘጋጅ፤ ዳቦ፣ በሶ፣ ቆሎ ወይም የአካባቢው ጭኮ ለዚህ ይስማማል።

የቡና ግብዣም አለ። በቡና አገር ማለዳ በደጅ የሚያልፍ እንግዳ «ቡና ጠጡ» መባሉ አይቀርም፤ ቡናው እስኪቆላ፣ እስኪወቀጥና እስኪፈላ ደግሞ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ግብዣን በችኮላ መግፋት ነውር ነው። ይሁን እንጂ መሪው «ስንመለስ እንጠጣለን» ብሎ ቀጠሮ ቢይዝ ተቀባይነት አለው፤ ቀጠሮውም መከበር አለበት። እንዲህ ያለ ቀጠሮ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከተራራው የሚመለሱ ሰዎችን በሰዓቱ የሚጠብቅ አንድ ቤት ይኖራል።

የመመለሻ ሰዓት

ከመነሻው ሰዓት ጋር አብሮ የሚወሰነው የመመለሻ ሰዓት ነው፤ ይህም የትም ቢደረስ ፊት ወደ ኋላ የሚዞርበት ሰዓት ነው። ከላይ በተሰጠው የታኅሣሥ ምሳሌ ቁልቁለቱ 2 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይወስዳል። ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ለመድረስ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ መመለስ ግድ ነው። ጫፉ በዓይን እየታየ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ እየቀረ እንኳ ሰዓቱ ከደረሰ ይመለሳል። ይህን መወሰን የሚቻለው በዋዜማው፣ ሰው ሳይደክምና ጫፉ ሳያጓጓው ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1996 በኤቨረስት ተራራ ላይ ስምንት ሰዎች በማዕበል ሲሞቱ፣ በዚያ ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ወደ ጫፍ መውጣታቸውን የቀጠሉ በርካታ ተራራ ወጪዎች ነበሩ። የጅማ ተራሮች ኤቨረስት አይደሉም፤ የሰዓቱ ፈተና ግን ያው ነው።

ከተወሰነው ሰዓት በፊትም ቢሆን ነጎድጓድ ከተሰማ ጉዞው ይቋረጣል። ብልጭታው ከታየበት እስከ ድምፁ ድረስ የሚቆጠረው ሴኮንድ ለሦስት ሲካፈል የመብረቁን ርቀት በኪሎ ሜትር ይሰጣል። ልዩነቱ 30 ሴኮንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ከሆነ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ስለሆነ ወዲያውኑ ከጫፍና ከሸንተረር መውረድ፣ ለብቻው ከቆመ ዛፍ መራቅ ያስፈልጋል። ወደ ላይ መመለስ የሚታሰበው ከመጨረሻው ነጎድጓድ 30 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ብቻ ነው፤ በዚህ ምክንያት የባከነው ጊዜም የመመለሻውን ሰዓት አያራዝምም።

ከመነሳት በፊት የመነሻው ሰዓት፣ የመመለሻው ሰዓትና ተጓዦቹ ካልተመለሱ ፍለጋ የሚጀመርበት ሰዓት በወረቀት ተጽፎ በመንደሩ ለሚቀር ሰው ይሰጥ። በወረቀቱ ላይ የቡድኑ ቁጥር፣ የሚሄዱበት መንገድ፣ የወረዳው ፖሊስና በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ ስልክ ይጻፍ። ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው የሚላከው ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ስለሚሆን፣ ከተራራው ሥር እስከ ጅማ ሊያደርስ የሚችል መኪና ያለው ሰው ማን እንደሆነ በዋዜማው ተጠይቆ ስልኩ ከሌሎቹ ጋር ይመዝገብ። በተራራው ላይ የስልክ ኔትወርክ በአንዳንድ ስፍራ ስለሚቋረጥ ተጓዡ ኔትወርክ ባገኘበት ከፍታ ላይ ያለበትን ስፍራና ሰዓት በአጭር መልእክት ያሳውቅ፤ ስልኩን ከዚያ በኋላ ቢያጠፋው ባትሪው እስከ ማታ ይቆይለታል።